ጥቁር ጭስን ከምንጩ መቀነስ፦ ከአየር ፊልትሮ እስከ መኝታ ቤት መስኮት

ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ከአየር ጤና ወደ ሰበታ፣ ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖር ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ጠዋት የተወለወለ ጠረጴዛ ከሰዓት በኋላ ሲነካ ጣት ያጠቁራል። ነጭ ነጠላ ገመድ ላይ ውሎ ሲገባ ግራጫ ሆኖ ነው። ያ ጥቁር ነገር የሚያርፈው ጠረጴዛና ነጠላ ላይ ብቻ አይደለም። ሳንባችን ውስጥም ይገባል።

ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ ሚኒባስ፣ አይሱዙ፣ ቅጥቅጥ ወይም ሌላ የናፍጣ መኪና ያለው ወይም የሚያሽከረክር ነው። ሌላው መንገድ ዳር የሚኖር፣ ሱቅ ያለው፣ ቡና የሚያፈላ ወይም ልጆቹን በዚያ መንገድ ትምህርት ቤት የሚልክ ነው። ብዙዎቻችን ሁለቱንም ነን።

ስለ ጭስ ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው “ማጣሪያ ቢገጠምለትስ?” ብሎ ነው። በከተማችን ዳርቻ ለሚሠራው ለአብዛኛው ያረጀ መኪና ግን ማጣሪያ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። መጀመሪያ ሞተሩ ናፍጣውን በደንብ ማቃጠል አለበት። ጥቁር ጭስ ማለት ማደያ ገንዘብ ከፍላችሁበት ሳይቃጠል የወጣ ነዳጅ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

ጭሱ ሰውነት ውስጥ ምን ያደርጋል?

ከናፍጣ ሞተር የሚወጣው ጥላሸት ዋናው አካሉ ካርቦን ነው። በላዩ ላይ ያልተቃጠለ ናፍጣ፣ የሞተር ዘይትና የሰልፈር ውህዶች ተለጥፈውበታል። ፒኤም 2.5 የሚባለው ብናኝ ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 70 ማይክሮሜትር ይደርሳል። ከናፍጣ የሚወጣው አብዛኛው ቅንጣት ደግሞ ከ1 ማይክሮሜትርም ያነሰ ነው።

የመንገድ አቧራን አፍንጫችን በአብዛኛው ይይዘዋል። ይሄኛውን አይችለውም። እስከ መጨረሻዎቹ የሳንባ ከረጢቶች ይወርዳል። ከሁሉም የደቀቀው ወደ ደም ይሻገራል። ለዚህ ነው ጉዳቱ በሳልና በአስም የማያበቃው። የልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ የሳንባ ካንሰር፣ ክብደታቸው አንሶ የሚወለዱ ሕፃናት፣ ሁሉም ከዚህ ብናኝ ጋር የተያያዙ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ትምባሆም ያለው እዚያው ምድብ ውስጥ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የፒኤም 2.5 መጠን በዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል።

ልጆች ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ። ከሰውነታቸው ክብደት ጋር ሲነጻጸር የሚያስገቡት አየር ብዙ ነው። ቁመታቸውም ለጭስ ማውጫው ቅርብ ነው። አንድ ሕፃን በእናቱ እጅ ተይዞ ታክሲ ተራ ላይ ሲቆም የሚተነፍሰው ከእናቱ የባሰ አየር ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሥራው።

ደረጃ 1፦ የጭሱን ቀለም ለዩ

መኪናው 15 ደቂቃ ያህል ይነዳ፤ ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። ሜዳ ላይ አቁማችሁ ማርሹን ነጻ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ። አንድ ሰው ነዳጅ ይስጥ፤ ሌላው በጎን በኩል ራቅ ብሎ ጭስ ማውጫውን ይመልከት። ከኋላ ፊት ለፊት አትቁሙ። የሞተሩ ቺንጋ የሚቀየርበት ጊዜ ያለፈ ከሆነ ነዳጁን በኃይል መርገጥ ይቅር፤ ቺንጋው ሊበጠስ ይችላል።

ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል። ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው፤ የቫልቭ ጎሚኒ፣ የፒስተን ሪንግ ወይም ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ) ይታይ። ነጭ ጭስ ማለዳ ሲነሳ ለጥቂት ደቂቃ ቢታይ አያስደንግጥ፤ የብርዱ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ከሆነና የራዲያተር ውሃ ከቀነሰ ግን የቴስታታ ጋስኬት ሊሆን ስለሚችል መኪናውን አቁማችሁ አሳዩ።

ሁለተኛው ፈተና ዳገት ላይ ነው። መኪናው እንደተለመደው ተጭኖ ሲወጣ በመስታወት ተመልከቱ። ቆሞ ደህና የሚመስል መኪና ዳገት ላይ ገመናው ይወጣል።

ሰማያዊና ነጭ ጭስ የጋራዥ ሥራ ስለሆነ እዚህ አላብራራውም። አብዛኛው የእኛ ችግር ጥቁሩ ነው።

ደረጃ 2፦ ከአየር ጀምሩ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,300 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ የሚያገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው የድሮ ናፍጣ ሞተር ለዝቅተኛ ቦታ በተስተካከለ የናፍጣ መጠን እዚህ ሲሠራ ትርፉ ናፍጣ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። እንጦጦን አልፎ ወደ ሱሉልታ የሚወጣ የተጫነ መኪና ለምን ያን ያህል እንደሚያጨስ ይህ ብቻውን ብዙ ይነግረናል።

አየሩ ራሱ ስስ በሆነበት አገር የተደፈነ ፊልትሮ ይዞ መሄድ ችግሩን እጥፍ ማድረግ ነው። የከተማ ዳር መንገድ ደግሞ ፊልትሮ ይጨርሳል። አስፋልት ያላገኘ መንገድ፣ አሸዋና ጠጠር የጫነ ሲኖትራክ፣ አዲስ ግንባታ በየቦታው ነው። የመኪናው መጽሐፍ የሚሰጠው ኪሎ ሜትር ለደህና መንገድ ነው። እዚህ ግማሹን ያዙ፤ በበጋ ደግሞ ከየሁለት ሳምንቱ አታሳልፉት፣ ክፈቱና እዩት።

አከፋፈቱና አጸዳዱ እንዲህ ነው። ሞተሩን አጥፉ። የፊልትሮውን ቤት ከመክፈታችሁ በፊት ክዳኑን ከውጭ ጥረጉ፤ አለዚያ ያው አቧራ ወደ ውስጥ ይገባል። ወረቀቱን አውጥታችሁ አምፖል ወይም የስልክ መብራት ከውስጥ በኩል አብሩበት። ብርሃኑ እኩል ካሳለፈ ይሠራል። ጨለማ የሆነ ቦታ ካለ ተደፍኗል። ነጥብ የሚያህል ደማቅ ብርሃን ከታየ ተቀዷል፤ ተቀዶ ከሆነ አትንፉት፣ ጣሉት።

ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት የተለመደ ነው። ከተነፋ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በዝቅተኛ ግፊት፣ አፈሙዙን ራቅ አድርጎ ይሁን። ግፊቱ ከ2 ባር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ጎማ በሚሞላበት ግፊት በቅርብ ሲነፋ ወረቀቱ በዓይን በማይታይ ሁኔታ ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ አቧራው በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል፤ ሞተሩም ቶሎ ያልቃል። የወረቀት ፊልትሮ በውሃም በቤንዚንም አይታጠብም። እኔ የምመክረው ሁለቴ ከተነፋ በሦስተኛው መቀየር ነው። ከሞተር ዕድሳት ጋር ሲተያይ የፊልትሮ ዋጋ ምንም አይደለም።

ፊልትሮው ደህና ሆኖ ጭሱ ካልቀነሰ ከፊልትሮው እስከ ሞተሩ ያለውን ቱቦ በእጅ ዳስሱ። መኪናው ቱርቦ ካለው የቱቦ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ዘይትና ጥላሸት የተለጠፈበት ቦታ ፈልጉ። አየር የሚያፈተልከው እዚያ ነው። ሌላ ሰው ነዳጅ እየሰጠ፣ ከሚዞሩ ነገሮች ርቃችሁ የሳሙና ውሃ በትንሹ ብትረጩ አረፋ ሊሠራ ይችላል። አንድ የላላ ማሰሪያ ብቻ አንድን አይሱዙ ጥቁር በጥቁር ሊያደርገው ይችላል።

ደረጃ 3፦ ናፍጣውን አስተካክሉ

የናፍጣ ፊልትሮን በጊዜው ቀይሩ፤ ከሥሩ የተጠራቀመውን ውሃም አውጡ። ቀጥሎ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጩትን ኖዝሎች አስወልቁና የፖምፓና ኖዝል ጥገና ቤት በመሣሪያ አስፈትኑ። ደህና ኖዝል ናፍጣውን እንደ ሽቶ ያርከፈክፈዋል። የተበላሸው ያንጠባጥባል ወይም በአንድ ጎን ይተፋል። የተንጠባጠበ ናፍጣ ለመቃጠል ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ፈተናውን በዓይናችሁ ቆማችሁ እዩ። “አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው” የሚል ቃል ብቻ ይዛችሁ አትውጡ።

ቀጥሎ ናፍጣውን ለኖዝሎቹ የሚገፋው ፖምፓ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተሳስቶ ያሳስታል። መኪናው ዳገት ላይ ሲደክም “ናፍጣ ጨምርለት” ይባላል። ይጨመርለታል። ትንሽ ጉልበት ያገኘ ይመስላል፤ ከኋላው ግን ጥቁር ደመና ይለቃል። ያጣው አየር እንጂ ናፍጣ አይደለም። ትርፍ ናፍጣ የሲሊንደር ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት አጥቦ ሪንጉን ይጎዳል፣ ሙቀቱንም ይጨምራል። ለመካኒኩ የምትሉት ተቃራኒውን ነው፦ “ለአዲስ አበባ ከፍታ አስተካክልልኝ፣ ጥቁር ጭሱ እስኪጠፋ ናፍጣውን ቀንሰው።” ናፍጣው የሚረጭበትን ሰዓትም አብሮ እንዲያይላችሁ ንገሩት። ጉልበቱ በጣም ከወረደ የሲሊንደሮቹ ግፊት ይለካ።

ከጭሱ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ የሚመልስ ኢጂአር የሚባል ቫልቭ ያላቸው ዘመናዊ ሞተሮች ላይ ቫልቩ በጥላሸት ተይዞ ክፍት ሊቀር ይችላል። ይጸዳ።

ናፍጣ ከማደያ ቅዱ። በጀሪካንና በሃይላንድ የሚሸጠው ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። ነጭ ጋዝ ማለስለስ ስለማይችል ፖምፓውን ይበላዋል።

ደረጃ 4፦ አነዳዱ

ታክሲ ተራና መናኸሪያ ላይ ሞተር እያሠሩ መጠበቅ ይቅር። ቆሞ የሚሠራ ትልቅ የጭነት መኪና በሰዓት ከ2 እስከ 3 ሊትር ናፍጣ በከንቱ ያቃጥላል። ጭሱን የሚተነፍሱትም ረዳቱ፣ ተራ አስከባሪው፣ ሎተሪ አዟሪው፣ ቆመው የሚጠብቁት ተሳፋሪዎች ናቸው። ከአንድ ደቂቃ በላይ የምትቆሙ ከሆነ አጥፉ። ባለ ቱርቦ ከሆነ ከረጅም ዳገት በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ እንዲበርድ ስጡትና አጥፉ።

ዳገት ላይ ማርሽ ቶሎ ቀንሱ። በከባድ ማርሽ እየተንገዳገደ የሚወጣ ሞተር ያጨሳል። ከአቅም በላይ መጫንም እንዲሁ።

ደረጃ 5፦ ማጣሪያው

አሁን ስለ ጭስ ማጣሪያው። በብዛት ዲፒኤፍ ይባላል። ከማርሚታው በፊት የሚቀመጥ የሴራሚክ ዕቃ ነው። ውስጡ በጣም ብዙ ቀጫጭን ቀዳዳዎች አሉት። አንዱ ቀዳዳ መግቢያው ክፍት፣ መውጫው ድፍን ነው፤ ጎረቤቱ ተቃራኒው ነው። ጭሱ ለመውጣት የግድ በግድግዳው ውስጥ ያልፋል፤ ጥላሸቱ እዚያ ይቀራል። በደንብ የሚሠራ ማጣሪያ ከጥላሸቱ ከ90 በመቶ በላይ ያስቀራል።

የተጠራቀመው ጥላሸት መቃጠል አለበት። ለዚህ የጭሱ ሙቀት ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ ይኖርበታል። ኮምፒውተሩ ትርፍ ናፍጣ በመርጨት ያሞቀዋል። ይህ ሥራ በአብዛኛው የማያቋርጥ ጉዞ ይፈልጋል። ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ጀሞ በትራፊክ ውስጥ ብቻ የሚመላለስ መኪና ማጣሪያው ቶሎ የሚደፈነው በዚህ ምክንያት ነው።

ማጣሪያ ያለው መኪና ካላችሁ እነዚህን ያዙ። የማጣሪያው መብራት ሲበራ ችላ አትበሉ። በዚያው ሳምንት ክፍት መንገድ ላይ አውጡት። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳው የአዳማ ፈጣን መንገድ ለዚህ ምቹ ነው፤ በማይዋዥቅ ፍጥነት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ንዱ። በመካከል የሞተሩ ድምፅ ከፍ ካለ፣ ማራገቢያው ካልቆመ፣ የጋለ ብረት ከሸተተ ራሱን እያጸዳ ነውና አታጥፉት። በዚያ ሰዓት ደረቅ ሣር ላይ ማቆም እሳት ያስነሳል። ዘይት ስትቀይሩ አመዱ አነስተኛ የሆነውን፣ መጽሐፉ ያዘዘውን ዓይነት ግዙ። ጥላሸት ይቃጠላል፤ ከዘይት የሚመጣ አመድ ግን አይቃጠልም፣ ማጣሪያው ውስጥ ይቀራል። ከ100,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ተፈትቶ መጽዳት ሊያስፈልገው ይችላል። ሲጸዳ የሚወጣው ዱቄት መርዛም ስለሆነ የሚያጸዳው ሰው ደህና ማስክና ጓንት ያድርግ።

አንዳንድ ጋራዥ “ውስጡን ሰብረን እናውጣው፣ ከችግር ትገላገላላችሁ” ይላል። እምቢ በሉ። ብዙ ጊዜ ማጣሪያው የተደፈነው ኖዝል ወይም ቱርቦ ስለተበላሸ ነው። ማጣሪያውን ማውጣት ምልክቱን ደብቆ በሽታውን መተው ነው። ጭሱ በዓይን ባይታይም የሚወጣው የቅንጣት ብዛት እጅግ ይጨምራል።

ያገለገለ ዘመናዊ የናፍጣ መኪና ስትገዙ ቀላል ፈተና አለ። ሞተሩ ጠፍቶ ቱቦው ከበረደ በኋላ የጭስ ማውጫውን የውስጥ ጫፍ በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ማጣሪያው ደህና ከሆነ ጨርቁ ብዙም አይጠቁርም። እንደ ከሰል ካጠቆረ ማጣሪያው ተሰንጥቋል ወይም ወጥቷል።

ታዲያ ለድሮ ሚኒባስ ማጣሪያ ገዝቶ መግጠምስ? በአብዛኛው አልመክርም። ጥላሸቱ ይበዛል፣ ሙቀቱ አይበቃም፣ የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር የለም። በወራት ይደፈናል፤ የተደፈነ ማጣሪያ ደግሞ ሞተሩን ያንቃል። ናፍጣው ውስጥ ሰልፈር ከበዛም ማጣሪያው አይስማማውም፤ ከ50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 50 እጅ) በታች ይፈልጋል። በከተማ ወይም በአገር ደረጃ ከታሰበበት ግን ይቻላል። የቶኪዮ አስተዳዳሪ የነበሩት ሺንታሮ ኢሺሃራ እ.ኤ.አ. በ1999 ጥላሸት የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ ለጋዜጠኞች እያሳዩ ዘመቻ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2003 ጀምሮ መስፈርቱን የማያሟሉ የናፍጣ ጭነት መኪኖችና አውቶቡሶች ማጣሪያ ካልገጠሙ ቶኪዮ ውስጥ እንዳይነዱ ተከለከለ። እኛ ጋ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉ መልካም ነው። የጭነት መኪናውና አሮጌው ሚኒባስ ግን ገና ብዙ ዓመት ከእኛ ጋር ናቸው። በምትኩ የሚገባው የኤሌክትሪክ መኪናም ጭስ ባይኖረው የፍሬንና የጎማ ብናኝ ያወጣል።

ደረጃ 6፦ ቤትና ሱቅ

የሰው መኪና መጠገን አትችሉም። ርቀትና ሰዓት ግን በእጃችሁ ነው።

የመኪና ብናኝ መንገዱ አጠገብ ይበረታል፤ በመጀመሪያዎቹ ከ100 እስከ 200 ሜትሮች ውስጥ በጣም ይቀንሳል። ቤት ስትከራዩ ከዋናው መንገድ ሁለት ቤት ወደ ውስጥ መግባት እንኳ ለውጥ አለው። ቤቱ መንገድ ዳር ከሆነ መኝታችሁንና የልጆችን ክፍል ወደ ጓሮ አዙሩ። አብዛኛውን ሰዓት የምናሳልፈው እዚያ ነው።

በበጋ ማለዳ ብርዱ አየሩን መሬት ላይ ያረጋዋል፤ ጭሱም ወደ ላይ አይወጣም። የሥራ መግቢያ ትራፊኩም በዚያው ሰዓት ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት በመንገድ በኩል ያለውን መስኮት ዝጉ። ፀሐይ ከወጣችና ነፋስ ከጀመረ በኋላ፣ ከሰዓት ገደማ፣ በጓሮ በኩል ክፈቱና አናፍሱ። አመሻሽ ላይ ትራፊኩ ሲበዛ መልሳችሁ ዝጉ።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ አደራ እላለሁ። መስኮት ዘግታችሁ ከሰል አታቀጣጥሉ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ተኝቶ የነበረን ቤተሰብ በአንድ ሌሊት ይገድላል። ከሰል ደጅ ይቀጣጠል፣ ቡናም ቢሆን ክፍት በሆነ ቦታ ይፈላ። ከሰሉና ማገዶው ራሳቸው ፒኤም 2.5 ያወጣሉ። የመንገዱን ጭስ በመስኮት ከልክሎ ምድጃ ቤት ውስጥ ማጨስ ምንም አይጠቅምም።

ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ። አጥር ላይ ከሥር ጀምሮ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቅጠሉን የማያረግፍ ተክል ትከሉ። ጥድ ይሆናል። ግንዱ ባዶ የሆነ ረጅም ባሕር ዛፍ ግን ጭሱን ከሥሩ ያሳልፈዋል። የአየር ማጽጃ ማሽን ለመግዛት አቅሙ ካለ በጣም ደቃቅ ብናኝ የሚያስቀር፣ የሄፓ ማጣሪያ ያለው ይሁን፤ መኝታ ክፍል አስቀምጡትና በር ዝጉ።

መንገድ ዳር የምትሠሩ ደግሞ መቀመጫችሁን መኪኖች ከሚቆሙበትና ከሚነሱበት ቦታ አርቁ። መኪና ሲነሳ ነው ብዙ የሚያጨሰው። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በውስጥ ለውስጥ መንገድ ይሂዱ፣ ትንሽ ቢረዝምም።

ታክሲ ውስጥ ከሚያጨስ ሲኖትራክ ኋላ ስትቆሙ መስኮት ዝጉ፤ ካለፈ በኋላ ክፈቱ። የራሳችሁ መኪና ከሆነ አየሩን ወደ ውስጥ ማዞሪያውን ተጠቀሙ። ለረጅም ጊዜ ግን አይሁን፤ የተዘጋ አየር እንቅልፍ ያመጣል። የካቢን ፊልትሮ ካለው ቀይሩት። ብዙ ጊዜ ከገቢናው የዕቃ መያዣ ጀርባ ነው የሚገኘው።

ደረጃ 7፦ ማስክና ሳል

የጨርቅ ማስክ አቧራ ይከለክላል፤ ይህን ብናኝ ግን አያስቀርም። ኤን95 ወይም ኬኤን95 ግዙ። ኤን95 በፈተና ቢያንስ 95 በመቶ ቅንጣት ያስቀራል፤ ይህም የሚሆነው ፊት ላይ ሲገጥም ብቻ ነው። የአፍንጫውን ሽቦ በሁለት እጅ ጫኑት። በኃይል ስትተነፍሱ አየር በጎን ከወጣ አልገጠመም። ጢም ያለው ሰው ላይ አይገጥምም። ለረዳት፣ ለትራፊክ ፖሊስና ለጎሚስታ ሠራተኛ ሌላው ሁሉ ባይቻል ይህ ይቻላል። ሲቆሽሽ ወይም መተንፈስ ሲከብድ ይጣል፤ አይታጠብም።

ደረት ከጠበበ፣ ሲተነፍሱ ሲር ሲር ካለ፣ ሳል ከቆየ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሳል ሁለት ሳምንት ከሞላው “ጭሱ ነው” ብላችሁ አትተዉት፤ የቲቢ ምርመራ ያስፈልጋል። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም የምትሠሩበትን ቦታ፣ በቀን ስንት ሰዓት መንገድ ዳር እንደምትውሉና ቤት ውስጥ በምን እንደምታበስሉ ንገሩት።